ሆድ ውስጥ ነው ወይስ ውጭ?

አንድ የአምስት ዓመት ልጅ አሥር ሳንቲም አፉ ውስጥ እያገላበጠ ሲጫወት ዋጠው እንበል። እናት ትጮኻለች፤ ጎረቤት ይሰበሰባል። አንዷ «ዳቦ አጉርሱት» ትላለች፤ ሌላዋ «ጀርባውን ምቱት» ትላለች። ሐኪም ቤት ይወሰድና ራጅ ይነሣል። ሳንቲሙ ጉሮሮውን አልፎ ጨጓራ ከደረሰ ሐኪሙ አብዛኛውን ጊዜ የሚያዘው መድኃኒት የለም። «ወደ ቤት ውሰጂው፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ራሱ ይወጣል፤ ሲጸዳዳ ተከታተይ» ብሎ ይሸኛታል። እናት ግን ልቧ አያርፍም። «ሆዱ ውስጥ ገብቶ እኮ ነው ዶክተር!»

በአማርኛው እናት ልክ ናት። በአካል አሠራር ከሄድን ግን ሳንቲሙ ልጁ ውስጥ አልገባም። ከአፍ እስከ ፊንጢጣ ያለው መንገድ ሁለቱም ጫፉ ለዓለም የተከፈተ ቧንቧ ነው። ክር በዶቃ ቀዳዳ ያልፋል እንጂ ከዶቃው ጋር አይዋሐድም፤ ሳንቲሙም እንደዚያ ነው። አንድ ፍሬ ምስር እንኳ ታኝኮና ተፈጭቶ የአንጀትን ግድግዳ እስኪሻገር ድረስ ገና ደጅ ላይ ነው። ሳይሻገር የቀረው እንደ ውጭ ሰው መጥቶ እንደ ውጭ ሰው ይሄዳል።

ይህን ልዩነት የሚነካ አንድ የታወቀ ክርክር በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ይገኛል። ፈሪሳውያንና ከኢየሩሳሌም የመጡ ጸሐፍት ደቀ መዛሙርቱ ባልታጠበ እጅ መብላታቸውን ነቀፉ። ኢየሱስ ለሕዝቡ የተናገረው ከውጭ የሚገባ ነገር ሰውን እንደማያረክስ ነው፤ ምክንያቱን ለደቀ መዛሙርቱ ሲያስረዳም የሚበላው ወደ ሆድ ወርዶ ወደ ውጭ እንደሚወጣ፣ ልብ ውስጥ ግን እንደማይገባ ተናገረ። የሚያረክሰው ከልብ የሚወጣው ክፉ ሐሳብ ነው። ነገሩ የሥነ ምግባር ትምህርት እንጂ የሕክምና ትምህርት አይደለም፤ ስለ ጀርም የተነሣ ክርክርም አልነበረም፤ ስለዚህ እጅ መታጠብን የሚሽር ሰው እዚህ ምዕራፍ ውስጥ ማስረጃ አያገኝም። ሆኖም ንግግሩ የቆመበት ልዩነት ዛሬ የአንጀት ተመራማሪዎች ከሚያወሩት ጋር ይገጥማል። ሆድ መተላለፊያ ነው፤ ሰውየው ሌላ ቦታ ነው።

ታዲያ ሰውየው የት ነው? የሚጀምረውስ፣ የሚያበቃውስ የት ላይ ነው?

አማርኛ ለዚህ ጥያቄ የራሱ መልስ አለው። የከፋው ሰው ሆድ ይብሰዋል፤ ቶሎ ዕንባው የሚመጣ ሆደ ባሻ ነው፤ ቻዩ ሆደ ሰፊ። የተጣሉ ሰዎች ሆድና ጀርባ ይሆናሉ። ምስጢሩን የሚያምቅ «ሆድ ይፍጀው» ይላል። ያዘነለት ሰው አንጀቱን ይበላዋል፤ ደስ ያሰኘው አንጀቱን ያርሰዋል። እናት ልጇን «ሆዴ» ብላ ታቆላምጣለች። በዚህ ቋንቋ ሆድ የሰው የውስጥ ውስጥ፣ ሌላ ሰው የማይደርስበት ጓዳው ነው። የሚገርመው ታዲያ ይህ ጓዳ በእውነት ገበያ መሆኑ ነው።

የገበያውን ሰው የቆጠሩት እስራኤል አገር በሚገኘው የዋይዝማን የሳይንስ ተቋም የሚሠሩት ሮን ሚሎና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ለብዙ ዓመታት በሰው ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች የሰውየውን ሕዋሳት አሥር ለአንድ ይበልጣሉ ሲባል ኖሯል። እነሚሎ እ.ኤ.አ. በ2016 ስሌቱን እንደገና ሠርተው 70 ኪሎ በሚመዝን ጎልማሳ ላይ 38 ትሪሊዮን ገደማ ባክቴሪያና 30 ትሪሊዮን ገደማ የሰው ሕዋስ አገኙ። ከሞላ ጎደል እኩል ለእኩል ነው። ባክቴሪያዎቹ በሙሉ ተሰብስበው ቢመዘኑ ሩብ ኪሎ አይሞሉም፤ አብዛኞቹም ያሉት ትልቁ አንጀት ውስጥ ነው።

በእነዚህና በደም መካከል ያለው አጥር ምን ያህል ውፍረት አለው? የአንድ ሕዋስ ያህል ብቻ። ቆዳ ድርብርብ ነው፤ አንጀት ግን ምግብ ማሳለፍ ስላለበት ወፍራም ቅጥር ሊያቆም አይችልም። ሕዋሳቱ ጎን ለጎን ተሰልፈው በፕሮቲን ስፌት እርስ በርስ ተጠላልፈዋል። ስፌቱ ውኃና ጨው እየመረጠ ያሳልፋል፤ ባክቴሪያን ይመልሳል። የዚህ ግድግዳ ስፋት የቴኒስ ሜዳ ያህላል ተብሎ በየመማሪያ መጽሐፉ ተጽፏል። በስዊድን ጎተንበርግ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ሲለኩት ግን ከአፍ እስከ ታች በጠቅላላው 32 ካሬ ሜትር ገደማ ሆኖ ተገኘ። ሜዳው ቢቀር የአንድ ጥሩ ሳሎን ስፋት ነው።

ሳሎኑን የሚያስከብረው ደግሞ ግድግዳውን የሸፈነው ልጋግ ነው። እዚያው ጎተንበርግ የጉናር ሃንሰን ቡድን እ.ኤ.አ. በ2008 የአይጥን ትልቅ አንጀት በማይክሮስኮፕ ሲመረምር ልጋጉ ሁለት ንብርብር መሆኑን አየ። የውጭው ልል ነው፤ ባክቴሪያ ይርመሰመስበታል። የውስጡ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ባክቴሪያ የለበትም ማለት ይቻላል። በግቢው በር እስከ አጥሩ ድረስ ሰው ይጋፋል፤ ከአጥሩ ወዲህ ያለው ግቢ ግን ጭር ያለ ነው። የልጋጉ ዋና ፕሮቲን እንዳይሠራ ተደርገው የተወለዱ አይጦች ባክቴሪያው ግድግዳውን በቀጥታ ይነካባቸዋል፤ አንጀታቸው ይቆጣል፣ ቆይቶም ካንሰር ያወጣል። ከልጋጉ በተጨማሪ ሰውነት በየቀኑ በግራም የሚቆጠር ፀረ እንግዳ አካል ወደ አንጀት ይለቃል። ይህ አካል ባክቴሪያን መግደል ዋና ሥራው አይደለም፤ እየለበጠ ከግድግዳው ያርቀዋል። ዘበኛ ገፋ አድርጎ «ወንድም፣ ከዚህ ወዲያ» እንደሚለው።

ግድግዳው ራሱ አይቆይም። አዳዲስ ሕዋሳት ከግድግዳው ሥር ካሉ ጥቃቅን ጉድጓዶች ይወለዱና እየተገፉ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ጫፍ ደርሰው ይረግፋሉ፤ ከሰገራም ጋር ይወገዳሉ። እንጨቱ በየሳምንቱ የሚቀየር አጥር ማለት ነው። የጥንት ግሪኮች ሳንቃው አንድ በአንድ የተለወጠ መርከብ ያው መርከብ ነው ወይ ብለው ይከራከሩ ነበር። ያ ክርክር በየሰዉ ሆድ ውስጥ በየሳምንቱ ይካሄዳል።

እነዚህ ጎረቤቶች ባይኖሩስ? ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 እንስሳ ያለ ረቂቅ ተሕዋስያን መኖር አይችልም ብሎ ገምቶ ነበር። በእሱ ስም በተመሠረተው ተቋም የሠራው ኢሊያ ሜችኒኮፍ ግን ተቃራኒውን አሰበ። እ.ኤ.አ. በ1908 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ይህ ሰው ትልቁ አንጀት የመርዝ ማጠራቀሚያ እንደሆነ፣ እርጅናንም የሚያፋጥነው የዚያ ብስባሽ እንደሆነ ያምን ነበር፤ መድኃኒቱ እርጎ ነው ብሎ እሱም ይጠጣ ነበር። በ71 ዓመቱ ሞተ። በኋላ በአሜሪካ ኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ እነጄምስ ሬይነርስ አይጦችን ከማንኛውም ጀርም በተዘጋ ታንክ ውስጥ ከትውልድ ትውልድ አራቡ። አይጦቹ ኖሩ፤ ስለዚህ ፓስተር ተሳስቷል። ነገር ግን ኑሯቸው ጎደሎ ነበር። የመከላከያ ሥርዓታቸው አልጎለመሰም፤ የትልቁ አንጀት መነሻ የሆነው ከረጢት ከልክ በላይ ተነፋ፤ ቫይታሚን ኬ በምግባቸው ካልተጨመረ በቀላሉ ይደሙ ነበር። ጀርም የሌለበት ንጹሕ ሆድ ጤነኛ ሆድ አልሆነም፤ ሜችኒኮፍም ሙሉ በሙሉ አልተሳካለትም።

ጉርብትናው የሚጀመርበትን መንገድ እንጀራ የሚጋግር ሰው በቀላሉ ይረዳዋል። ጤፉ የሚቦካው ካለፈው ቡሖ ላይ ተቀንሶ በተቀመጠው ቢጫ ውኃ፣ በእርሾው ነው። እርሾ ያለቀባት ሴት ልጇን ኩባያ አስይዛ ወደ ጎረቤት ትልካለች። ሕፃንም እንደ አዲስ ሊጥ ነው፤ እርሾው የሚጣልበት ሲወለድ ነው። በምጥ የተወለደ የመጀመሪያ ነዋሪዎቹን በብዛት ከእናቱ ይወስዳል፤ በቀዶ ሕክምና የተወለደው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ወራት ድብልቁ ለየት ይላል።

ከዚያ ጡት ይመጣል። በ1 ሊትር የእናት ጡት ወተት ውስጥ ከ5 እስከ 15 ግራም የሚሆን ልዩ የስኳር ዓይነት አለ፤ ከስብና ከላክቶስ ቀጥሎ ከወተቱ ጠጣር ነገር በብዛቱ ሦስተኛ ነው። ሕፃኑ ግን ሊፈጨው አይችልም። የምታጠባ እናት ከሥጋዋ ቆርሳ ልጇ የማይጠቀምበትን ምግብ ለምን ታመርታለች? ምግቡ የልጁ አይደለም፤ የእንግዶቹ ነው። ሄንሪ ቲሲዬ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1900 አካባቢ ጡት በሚጠቡ ሕፃናት ሰገራ ውስጥ ያገኛቸው ቢፊዶባክቴሪያዎች ይህን ስኳር ይበሉታል፤ በምላሹ አንጀቱን አኮምጥጠው ለሌሎች ጎጂ ተሕዋስያን እንዳይመች ያደርጉታል። እናት አንድ ልጅ ታቅፋ ሁለት ማዕድ ታቀርባለች።

ልጁ ሲያድግ ሁለተኛው ማዕድ አይነሣም፤ ስሙ ይለወጣል እንጂ። የጎመን፣ የባቄላ፣ የጤፍ፣ የምስር ፋይበር በቀጭኑ አንጀት ሳይፈጭ ያልፍና ትልቁ አንጀት ይደርሳል። እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች አብላልተው ቡቲሬት የሚባል አሲድ ያወጣሉ። የግድግዳው ሕዋሳት ጉልበታቸውን በአብዛኛው የሚያገኙት ከዚህ አሲድ ነው። አሲዱን ሲያነዱ ኦክስጅን ይፈጃሉ፤ ኦክስጅን ሲያልቅ ደግሞ እንደ ሳልሞኔላ ያሉ ኦክስጅን የሚመቻቸው ተሕዋስያን መስፋፋት ያቅታቸዋል። እንግዳው ባለቤቱን ይመግባል፤ ባለቤቱ አየሩን ለእንግዳው ያመቻቻል፤ ሁለቱም በዚህ ምክንያት ሌባን ያባርራሉ።

ውሉ ምን ያህል ቶሎ እንደሚጠናና እንደሚላላ የፒትስበርጉ ስቲቨን ኦኪፍና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2015 አሳይተዋል። 20 አፍሪካ አሜሪካውያንና 20 የደቡብ አፍሪካ ገጠር ነዋሪዎች ለሁለት ሳምንት ማዕድ ተለዋወጡ። አሜሪካውያኑ በቀን 14 ግራም ገደማ ከነበረው ፋይበር ወደ 55 ግራም ወጡ፤ አፍሪካውያኑ ከ66 ግራም ወደ 12 ወረዱ። በ14 ቀን ውስጥ የአሜሪካውያኑ ቡቲሬት ሁለት ተኩል እጥፍ ሆነ፣ የአንጀታቸው ቁጣም በረደ። በአፍሪካውያኑ ቡቲሬቱ በግማሽ ቀነሰ።

ማዕዱ ጭራሽ ሲነሣስ? የሚቺጋኑ ኤሪክ ማርተንስና የሉክሰምበርጉ ማሄሽ ዴሳይ የሰው ባክቴሪያዎችን የያዙ አይጦችን ፋይበር ከለከሏቸው። የተራቡት ባክቴሪያዎች ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ፤ ልጋጉን በሉት። ከዚያ ሌላ ጊዜ በቀላሉ የሚታለፍ የአይጥ በሽታ ሲገባባቸው ግድግዳውን ሰብሮ ብዙዎቹን ገደለ። ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። የጾም ገበታ ሽሮው፣ ክኩ፣ ምስሩና ጎመኑ ፋይበር ይበዛዋል። አባቶች ጾምን የሠሩት ለቡቲሬት ብለው አይደለም፤ የጾም ዓላማ ነፍስ ናት። ግን ነፍሱን ሊመግብ የተቀመጠ ሰው ሳያውቀው አጥሩንም እየጠገነ ይነሣል።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ የፍቅር ታሪክ ይመስላል። አይደለም። ባክቴሮይድስ ፍራጂሊስ የተባለው ባክቴሪያ በጤነኛ ሰው ትልቅ አንጀት በሰላም ይኖራል፤ ከሰውነቱ ላይ የሚገኝ አንድ ስኳር የአይጦችን መከላከያ ሥርዓት እንደሚያረጋጋም ታይቷል። ትርፍ አንጀት ፈንድቶ ወይም ጥይት አንጀት በስቶ ወደ ሆድ ዕቃ ሲፈስ ግን ይኸው ባክቴሪያ መግል ከሚያቋጥሩት ዋነኞቹ አንዱ ነው። ባክቴሪያው አልተለወጠም። የተለወጠው ያለበት ቦታ ነው፤ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ተሻገረ። በተቃራኒው ደግሞ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1917፣ ጀርመናዊው ሐኪም አልፍሬድ ኒስል የጦር ጓዶቹ በተቅማጥ ሲታመሙ እሱ ደህና ከሆነ አንድ ወታደር ሰገራ ላይ ባክቴሪያ ወሰደ። የኢኮላይ ዝርያ ነበር፤ ስሙ ሲነሣ ሰው የሚሸሸው ኢኮላይ። እስከ ዛሬ መድኃኒት ሆኖ ይሸጣል።

ቅዱስ አውግስጢኖስ ቢሰማ ደስ የሚለው ወሬ ነው። በወጣትነቱ ዘጠኝ ዓመት ያህል ማኒ የተባለ የሃይማኖት መምህር ተከታይ ሆኖ ዓለምን ለብርሃንና ለጨለማ ባሕርይ ከፋፍሎ ኖረ። ከዚያ ሲወጣ ያቀናው መልስ ክፋት የራሱ ባሕርይ የለውም፣ ክፋት የመልካም ነገር መጓደልና መዛባት ነው የሚል ነበር። አውግስጢኖስ ይህን ያለው ስለ ባክቴሪያ አይደለም፤ ባክቴሪያም ኃጢአት አይሠራም። ግን ሆድ ውስጥ «ጥሩ ባክቴሪያ» እና «መጥፎ ባክቴሪያ» ብሎ ሁለት መዝገብ የሚከፍት የመድኃኒት ማስታወቂያ ሳያውቀው ወደ ማኒ ተመልሷል። አብዛኛው የሆድ ነዋሪ በባሕርዩ ወዳጅም ጠላትም አይደለም። ሥርዓቱ ወዳጅ ያደርገዋል፤ የሥርዓቱ መፍረስ ጠላት ያደርገዋል።

የሰውነት መከላከያን ሳይንስ ለረጅም ጊዜ የመራው አስተሳሰብም ወደ ማኒ የሚያደላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 የኖቤል ተሸላሚው አውስትራሊያዊ ማክፋርሌን በርኔት ሰውነት «ራሱን» እና «ራሱ ያልሆነውን» ለይቶ ሁለተኛውን ያባርራል ብሎ አስተማረ። ለአካል ንቅለ ተከላ ይህ ትልቅ ብርሃን ነበር። አንጀት ግን አላስቸገረም ማለት አይቻልም፤ 38 ትሪሊዮን «ራሱ ያልሆነ» ማንም ሳያባርረው፣ እንዲያውም ተመግቦ ተቀምጧል። ስለዚህ ፈረንሳዊው ፈላስፋ ቶማ ፕራዴ መከላከያው የሚቆጣው ባዕድ ነገር ስላየ ብቻ ሳይሆን ድንገተኛ ለውጥና መቋረጥ ሲያይ ነው ብሎ ይከራከራል። ስኮት ጊልበርት፣ ጃን ሳፕና አልፍሬድ ታውበር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 ገፍተው ሄዱ፤ ሰው ቀድሞውንም አንድ ግለሰብ ሆኖ አያውቅም፣ ብዙ ሆኖ የሚኖር ማኅበር ነው አሉ።

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ሰው ከሰባት ባሕርያት ተገኘ ብለው ያስተምራሉ። አራቱ የሥጋ ናቸው፦ ነፋስ፣ እሳት፣ ውኃ፣ መሬት። ሦስቱ የነፍስ፦ ልብ፣ ቃል፣ ሕይወት። እርስ በርሳቸው የሚጻረሩ እሳትና ውኃ በአንድ ሰው ተስማምተው መኖራቸው የሊቃውንቱ መደነቂያ ነው። በዚህ ትምህርት ያደገ ሰው ሰው ከተለያየ ነገር የተሠራ መሆኑ አያስደነግጠውም። የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው፦ የሚያስማማው ማነው?

እነጊልበርት የሳቱትም እዚህ ላይ ይመስላል። ሰው ማኅበር ብቻ ከሆነ አጥሩ ለምን ያን ያህል ዋጋ ይከፈልበታል? በየሳምንቱ የሚታደሰው ግድግዳ፣ በየቀኑ የሚፈሰው ፀረ እንግዳ አካል፣ ሳያቋርጥ የሚሠራው ልጋግ የሚነግሩት አንድ ነገር ነው፤ እዚህ ጋ የሚጠበቅ ድንበር አለ። ድንበሩ ሲጠፋ ማኅበሩ አይሰፋም፤ ደም ይመረዛል፣ ሰውየው ይሞታል። በርኔት ድንበር አለ ማለቱ ልክ ነበር፤ የተሳሳተው ድንበሩ በማባረር ብቻ ይጠበቃል ብሎ ማሰቡ ነው። ድንበሩ የሚጸናው ከደጅ ያለው ሲበላ ነው። ስለዚህ ሰው ሆዱ ውስጥ ያለው ሁሉ አይደለም፤ ከባዕድ የተለየ ብቸኛ ንጹሕ ነገርም አይደለም። በእንግዶቹ እርዳታ ሳይቋረጥ የሚሠራ ልዩነት ነው።

እርዳታው ደግሞ ከሆድ አልፎ ወደ መንደር ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች ወደ ያኔዋ ምሥራቅ ፓኪስታን ሄዱ። በልተው ያደጉ፣ ጤነኛ ወጣቶች ነበሩ። እዚያ ሲኖሩ ሐኪሞች የብዙዎቹ የቀጭን አንጀት ጣት መሰል እጥፋቶች እንዳጠሩና ምግብ የመምጠጥ አቅማቸው እንደቀነሰ አዩ። ወደ አገራቸው ሲመለሱ ግድግዳው ቀስ በቀስ አገገመ። ውኃውና አፈሩ ተለወጠ፤ አጥሩ ተለወጠ። እነሱ መመለሻ ቲኬት ነበራቸው።

እዚያው ተወልዶ እዚያው የሚያድግ ሕፃን ግን የሚመለስበት የለውም። ዶሮ በሚመላለስበት መሬት ላይ ይድሃል፤ እጁን ይልሳል፤ የሚጠጣው ውኃ ከምንጭ እስከ እንስራ ስንት ጊዜ እንደተነካካ አይታወቅም። ተቅማጥ ባይታይበትም አንጀቱ ያለማቋረጥ ይቆጣል፣ ግድግዳው ይሳሳል። ለዕድገት የሚሆነው ጉልበት በከፊል ለዚህ ጦርነት ይውላል። እ.ኤ.አ. በ2019ኙ አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ሕፃናት 37 በመቶው ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ያጠረ ነበር፤ የተጎዳ አንጀት ከምክንያቶቹ አንዱ እንደሆነ ይታሰባል። መፍትሔው ግን እንደታሰበው ቀላል አልሆነም። በባንግላዴሽ፣ በኬንያና በዚምባብዌ በሺህ የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ቀላል መጸዳጃ ቤት፣ የእጅ መታጠቢያና የውኃ ማከሚያ ተሰጣቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 እና በ2019 የታተሙት ውጤቶች የልጆቹ ቁመት በዚያ እንዳልጨመረ አሳዩ። ከተመራማሪዎቹ ብዙዎቹ ከዚያ በኋላ የሚሉት በየቤቱ አንድ የመጸዳጃ ጉድጓድ መቆፈር አይበቃም፣ የቧንቧ ውኃና የመንደሩ ሁሉ ንጽሕና ያስፈልጋል ነው። የአንድ ልጅ አጥር የጎረቤቱንም ግቢ ይጠይቃል።

ሳንቲሙን የዋጠው ልጅ ይህን ሁሉ አያውቅም። እናቱ ሦስት ቀን ፖፖውን በእንጨት ስትፈትሽ ትቆይና አሥሩን ሳንቲም ታገኘዋለች፤ አጥባ መደርደሪያ ላይ ታስቀምጠዋለች። ሳንቲሙ አንጀቱን እየታከከ ሲያልፍ ከነካቸው የልጁ ሕዋሳት ብዙዎቹም በእነዚያው ቀናት ረግፈው በዚያው ፖፖ ወጥተዋል።